የተሰቀለ ሰው ቃል

ጉንዳኖቹ የአኻያውን ግንድ በቀጭን ረድፍ ይወጡታል፤ ቅርንጫፉን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያም በገመዱ ቁልቁል ወርደው በበሬ ቆዳው ስፌት መሐል ይሰወራሉ። ሜኪ በዚህ ጫካ የኮልኪስ አገር ወንዶችን ሬሳ በቆዳ እየሰፋ ከዛፍ ሲሰቅል ጸጉሩ ነጥቷል። ሴቶች ወደ መሬት፣ ወንዶች ወደ አየር፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። የተንጠለጠለውን ቆዳ ሁሉ ከነባለቤቱ ያውቀዋል። ይህን ግን እሱ አልሰፋውም።

ስፌቱን በቢላዋ ተረተረው። መጀመሪያ የወጣው እጅ ነበር። ጥፍሮቹ ከሥጋቸው ተላቀዋል። ቀጥሎ ፊት ወጣ፤ ያበጠ፣ የጠቆረ፣ ከንፈሩን በገዛ ጥርሱ የበላ ፊት። ሜኪ ወደ ኋላ ሲሸሽ በመቀመጫው ወደቀ። ሰውየው ድንገት ጠፍቶ ሲፈለግ የሰነበተው የወረዳው ገዢ፣ ባለበትሩ ፓኹ ነበር። ጉንዳኖቹ ጢሙ ላይ ተከማችተዋል።

የንጉሡ መርማሪና ዳኛ ኦትያ በማግስቱ ጠዋት በታንኳ ሲደርስ መንደሩ በትልቁ የባሉጥ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ከግንዱ ጋር አንዲት ሴት ታስራለች። ፊቷ በደም ተለውሷል፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ተሰብረው ወደማይዞሩበት ዞረዋል። አጠገቧ በተቀመጠው ገንዳ ውስጥ የበሬ ቆዳ ተነክሯል።

«ማናት?» አለ ኦትያ።

«ገዳይዋ ናት» አለ መጥረቢያ የያዘ ደንዳና ሰው። ኡቱ ይባላል፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የመጥረቢያው ጀርባ በደም ቀልቷል።

«አምናለች?»

«ጣቶቿን ስሰብር አምና ነበር። ስተዋት ካደች።»

«እንግዲያው ያመኑት ጣቶቿ ናቸው።»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ኡቱ ወደ ኦትያ ተጠጋ።

«ስማ ፋርሱ! ጢም ያላበቀለ ሰው በወንድ ደም ላይ አይፈርድም። ደግሞ እኔ ንጉሡ ሰው ይላኩልኝ ያልኩት እንጂ የሰው ግማሽ ይላኩልኝ መች አልኩ?»

ኦትያ ይህን ስድብ ለምዶታል። ኮልኪስ በየአራት ዓመቱ መቶ ወንዶችና መቶ ሴቶች ልጆችን ለፋርስ ንጉሠ ነገሥት ትገብራለች። እሱም ልጅ ሳለ ከተገበሩት አንዱ ነበር። የፋርስ ከተማ ሱሳ ላይ ሰለቡት፤ ጽሕፈትና ሕግ አስተማሩት፤ ጌታው ሲሞት ለቀቁት። እዚያ ሳለ ኮልኪሱ ይሉት ነበር። አገሩ ሲገባ ፋርሱ ሆነ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እሱም እርግጠኛ አይደለም።

«ልክ ነህ፣ ጢም የለኝም» አለ። «ዓይን ግን ትተውልኛል። እስከ ጀንበር መጥለቂያ ስጠኝ።»

«ቆዳው እስኪርስ መች እንነካታለን! ጀንበር ስትጠልቅ ከነነፍሷ ሰፍተን እንሰቅላታለን። ነገ ፀሐዩ ቆዳውን ሲያደርቀው አጥንቷን አንድ በአንድ ይሰብርላታል። ወንድሜን እንዳደረገችው።»

ኦትያ ከታሰረችው ሴት ፊት ቁጢጥ አለ። ስሟ ጽሩ ነው፤ ተልባ ፈትላ ሸማ እየሠራች አንዲት ልጇን ዛቡን የምታሳድግ መበለት ናት። በቅል ውኃ ሲያቀርብላት ኡቱ ቅሉን በእርግጫ አፈሰሰው። ኦትያ ሄዶ እንደገና ቀዳና በእጁ አጠጣት።

«ምን አደረግሽው?»

«ነከስኩት» አለች ጽሩ። «በመንደሩ ፊት፣ የልጄ እጅ ላይ ቀዩን ክር ሲያስር። የገዛ ደሙን ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ሬሳህን ዓሣ ይብላው አልኩት። ይህን ሁሉ ብያለሁ። አልገደልኩትም እንጂ።»

ቀይ ክር የታሰረባት ልጅ ለግብር የተመረጠች ናት። ከወረዳው ዘንድሮ አንዲት ሴት ልጅ ትፈለግ ነበር፤ መራጩ ደግሞ ባለበትሩ ነው።

«ለምን አልገደልሽውም ታዲያ? ምክንያቱ ነበረሽ።»

«ክሩን ቆረጠልኛ! በጠፋበት ዕለት ማታ፣ ከብት ሲገባ መጣ። ደጃፌ ቆመና ዛቡን ጠራት። በቢላዋው ክሩን ከእጇ ላይ ቆርጦ ጣለው። ግራ ገብቶኝ፣ ‹እባክዎ ውኃ እንኳ ይቅመሱ› አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።»

«ትቀጥፋለች!» አለ ኡቱ። «ወንድሜን ከገደለች በኋላ ራሷ ነች የቆረጠችው። ውኃ አልጠጣም አለ ያለችው ብቻ እውነት ሊሆን ይችላል። ክር ያሰረ ባለበትር በዚያች ልጅ ቤት እስከ ዕለተ ሞቱ እህል ውኃ አይቀምስም። ቢያስርም፣ ቢፈታም! ፓኹ ደግሞ ሥርዓት የሚያፈርስ ሰው አልነበረም።»

«በማን ላይ ሊያስረው ነው አለሽ?» ብሎ ኦትያ ጽሩን ጠየቃት።

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። የሰው ልጅ ስም ሰምቼ ምን ላደርግ?»

ኦትያ ተነስቶ ወደ ኡቱ ዞረ። «በትሩን አሁን ማን ይወርሳል?»

ኡቱ በቡጢ አፉን መታው። ኦትያ ተንበረከከ፤ ደምና አንድ ጥርስ መሬት ላይ ተፋ።

«አመሰግናለሁ» አለ አፉን እየጠረገ። «መልሱ ደርሶኛል።»

*

የሙታን ጫካ ከመንደሩ ጀርባ፣ በወንዙ በፋሲስ ዳር ነው። ሴቶች እስከ ድንበሩ ድንጋይ ብቻ ይሄዳሉ፤ እግራቸው የጫካውን መሬት አይረግጥም። ሜኪ ኦትያን በደረቁ የእግር መንገድ እየመራ አስገባው። በግራና በቀኝ ቆዳዎቹ ከከፍታ ላይ ይወዛወዛሉ።

«አባባ ሜኪ፣ አንድ ሰው ለመስቀል ስንት ትሆናላችሁ?»

«ሦስት ነን ልጄ። አንዱ ይደግፋል፤ ሁለታችን ገመዱን በቅርንጫፍ አሳልፈን እንጎትታለን። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ለሰካራምማ አራት እንሆናለን። ሰካራም ሞቶም ይከብዳል።»

ኦትያ እያለፈ ቅርንጫፎቹን ያያል። ሁሉም ላይ ገመድ የላጠው ቦይ አለ። ፓኹ የተሰቀለበት አኻያ የቆመው በጫካው ጫፍ፣ ወደ ወንዙ ባዘነበለው ጭቃ ላይ ነው። ኦትያ ወደ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ልጡ ለስላሳ ነው። በቅርንጫፉ ሹካ መሐል የደረቀ ደንገል ተሰክቷል፤ ግንዱ ላይም የጭቃ መስመር አለ።

«ጎርፉ መቼ ነው የወረደው?»

«ፓኹ የጠፋ ሌሊት። ከተራራው ዘነበና ወንዙ አብጦ እዚህ ድረስ ደረሰ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ ውኃውም እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ሸሸ።»

ሬሳው ከግንዱ ሥር በቅጠል ተሸፍኗል። ቆዳው አጠገቡ ተዘርግቷል፤ ለሚመጡት የግብር ታንኳ ቀዛፊዎች ስንቅ እንዲሆን ከታረደው በሬ የተገፈፈ፣ በአጥር ላይ ተሰጥቶ የጠፋ ቆዳ ነው። ስፌቱ በተልባ ክር ነው፤ ሜኪ የሚሰፋው በጅማት ነው። ኦትያ የቆዳውን ውስጥ ገለበጠ። ከላይ እስከ ታች በጥፍር ተቦጫጭሯል።

«ሕያው ነበር» አለ ኦትያ ቀስ ብሎ።

ሜኪ የሬሳውን ቅጠል አስተካከለ።

«ሰው ቀኑን ሙሉ እዚህ ሲጮኽ ማንም አልሰማም?»

«ሁላችንም ሰማን» አለ ሽማግሌው። «እንደ ታሰረ ጥጃ ይጮኽ ነበር። እኔ ጆሮዬን በሰም ደፈንኩ። ጎረቤቴ ከበሮ መታ። ከጫካው ለሚጠራ ድምፅ አይመለስም፤ ‹አቤት› ያለ ይከተለዋል። ሱሳ ወስደው ይህንን አስረሱህ እንዴ?»

ኦትያ አልረሳም። እናቱ በሁለት መዳፏ ጆሮውን ስትይዝለት ትዝ ይለዋል። ሱሳ ላይ ሙታን አይናገሩም ብለው አስተማሩት፤ እሱም አመነ። ያን ቀን እዚህ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ ድምፁ ይሄድ እንደነበር ለራሱ ሊምል አልቻለም።

«ያልተሰቀለ ወንድስ ምን ይሆናል?» አለ። «ይህንን በእርግጥ ረስቼዋለሁ።»

«ወደ ቤቱ ይመለሳላ! ምድጃው ዳር ይቀመጣል፤ ይርበዋል፤ የዚያን ቤት ልጆች ነፍስ ይበላል። ቃሉም ባዶ ይሆናል። ባለበትር ከሆነ የሰጠው ርስት፣ የፈረደው ፍርድ ሁሉ ከሬሳው ጋር ይጠፋል። የተሰቀለ ሰው ቃል ግን አይወርድም። አባቶቻችን አንድን ባለበትር ወንዝ ወስዶት ሬሳው ስላልተገኘ የሰጠውን መሬት ሁሉ መልሰዋል።»

ኦትያ ከሟቹ ጢም ላይ የደረቀ፣ የሚጣበቅ ነገር በጥፍሩ ፋቀና ምላሱ ላይ አደረገው። መራራ ነበር። ወዲያው የምላሱ ጫፍ ደነዘዘ፤ ተፋው።

«በሉ ይምጡ አባባ። ከባለቤቱ ጋር ላውራ።»

*

የፓኹ ቤት ደጃፉ ወንዙ ላይ ነው፤ ታንኳው ከደረጃው ጋር ታስሯል። ሚስቱ ጓንጂ ጸጉሯን ለሐዘን ቆርጣ፣ ጉንጮቿን ቧጭራ ተቀብላዋለች። ረጅም፣ ጠንካራ ሴት ናት። የማሽላ ገንፎና አይብ ቀረበለት፤ በተመታው አፉ ትንሽ ቀመሰ።

«የመጨረሻ ምሽቱን ምን በላ?» አላት።

«ዓሣና ገንፎ። ከዚያ ወንዙን ሊያይ ወጣ። ጎርፉ ያሰጋ ነበር። አልተመለሰም።»

«ተጨንቆ ነበር?»

ጓንጂ ቀና ብላ አየችው። «ባለፈው ወር ወደ ንጉሡ ከተማ ወርዶ ከእርስዎ ጋር ካወራ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ይገለባበጣል። ምንድን ነው የነገሩት?»

«የጠየቀኝን ነው የመለስኩለት።»

«ምን ጠየቀዎት?»

«ሴቶቹ ልጆች የት እንደሚደርሱ። ከእኔ ጋር አንዲት የዚህ ወረዳ ልጅ ታስራ ሄዳ ነበር፤ ስለ እሷ ነገርኩት።»

«ምን ሆነች?»

ኦትያ ገንፎውን ወደ ጎን ገፋ። ጓንጂም መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷን አዞረች።

ልጇ ፉጹ እጅ ልታስታጥበው ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ከጽሩ ልጅ ጋር እኩያ ናት። ውኃውን ስታፈስ እጀ ጠባቧ ወደ ላይ ተሸበሸበ፤ የግራ እጇ አንጓ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው ፉጹዬ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየች።

«ድስት ፈጅቷት ነው» አለች ጓንጂ። «ሂጂ አንቺ፣ እሳቱን እዪ።»

ኦትያ እጁን አደረቀ። እሳት የነካው ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። ይህኛው በአመድ ተደጋግሞ የታሸ ነበር፤ በሽብሽባቱ ውስጥ ያለው ቅላትም የደም አልነበረም። መጠየቅ የፈለገው አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። ተወው። ከታንኳው አጠገብ ሲያልፍ ግን ወለሉ ላይ የበሬ ፀጉር ተጣብቆ አየ። ቆሞ ውኃውን ሲያይ ቆየ። ‹የማላውቀው ብሆን ይሻል ነበር› አለ በሆዱ።

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ባሉጡ ሥር ተሰበሰቡ። ጽሩ እንደታሰረች ናት። ኡቱ ከገንዳው ዳር ቆሟል። ጓንጂ ልጇን በጉያዋ ይዛ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣለች። ሜኪ ወስፌውንና መርፌውን ይዞ እንዲመጣ ታዟል። ኦትያ የፓኹን ቆዳ መሬት ላይ አነጠፈው።

«አባባ ሜኪ፣ ሬሳ በገመድ ሲጎተት ቅርንጫፉ ምን ይሆናል?»

«ይላጣል። ቦይ ያወጣል።»

«ፓኹ የተሰቀለበትስ?»

ሽማግሌው አሰበ። አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። «ልጡ ደህና ነው። እንዴት ሳላየው!»

«ስለዚህ አልተጎተተም። ለሦስት ሰው የሚከብደውን ፓኹን የተሸከመው ጎርፉ ነው። ውኃው ሞልቶ ቅርንጫፉ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ደንገሉ አሁንም እዚያው ተሰክቷል። አንድ ሰው በታንኳ አምጥቶት፣ ቆሞ ገመዱን አጠር አድርጎ ከቅርንጫፉ ጋር አሰረና ሄደ። በማግስቱ ውኃው ሲሸሽ ፓኹ በአየር ላይ ቀረ።»

«ታንኳ የሌለው ማን አለ?» አለ ኡቱ። «እኔም አለኝ።»

«አለህ። አንተ ብትሆን ግን በደረቁ መንገድ ጎትተኸው ገብተህ ደረቅ ላይ የቆመ ዛፍ ትመርጥ ነበር። በጎርፍ መሐል፣ በጨለማ፣ የጫካውን መሬት ላለመርገጥ ይህን ሁሉ የለፋ ሰው መሬቱን መርገጥ የማይፈቀድለት ሰው ነው።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ፣ «ሴት!» ብሎ ጮኸ።

«አላልኳችሁም?» አለ ኡቱ። የጽሩን እስር በመጥረቢያው ቆረጠና በጸጉሯ እየጎተተ ወደ ገንዳው ወሰዳት። «የተልባው ክር የሷ ነው ብዬ ነበር! ፋርሱ ራሱ መሰከረ!» ሁለት ሰዎች ውኃ የሚያንጠባጥበውን ቆዳ አነሱ። ጽሩ በተሰበሩ ጣቶቿ መሬቱን ትቧጭራለች። ዛቡ እየጮኸች የኡቱን እግር ስትይዝ በእርግጫ መታትና ተንከባለለች።

«ማሩስ?» አለ ኦትያ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«የምን ማር?»

«ጢሙ ላይ ያለው። ጉንዳኖቹን የጠራቸው። ቀምሼው ምላሴ ደነዘዘ።»

«የተራራ ማር!» አለ ሜኪ። «መራራው! አንድ ማንኪያ ያሰክራል፤ አንድ ጽዋ ይጥላል።»

«አዎ። ፓኹ ማሩን ጠጥቷል፤ አስመልሶትም ጢሙ ላይ ቀርቷል። ኡቱ፣ ክር ያሰረ ባለበትር በዚያች ልጅ ቤት ምን ይቀምሳል? ጠዋት አንተው ነግረኸኛል።»

የኡቱ እጅ የጽሩ ጸጉር ላይ እንዳለ ቀረ። «ምንም» አለ በመጨረሻ።

«ውኃዬን እንኳ እምቢ አለኝ» አለች ጽሩ ከመሬት ላይ።

«ሌላም አለ» አለ ኦትያ። «ጽሩ ገድላው ቢሆን ወንዙ እግሯ ሥር ነበር፤ ጎርፍ ደግሞ ምስክር አይተውም። ሬሳህን ዓሣ ይብላው ብላም ረግማዋለች። ለምን ሰፍታ ትሰቅለዋለች? ያልተሰቀለ ወንድ የሚመለሰው ወደ ራሱ ምድጃ ነው። የሚበላው የራሱን ቤት ልጅ ነው። እንዲሰቀል ግድ ያለው ሰው በዚያ ምድጃ ዳር የምትተኛ ልጅ ያለችው ሰው ነው።»

ጓንጂ ልጇን ይበልጥ ወደ ጉያዋ አስገባች።

«ፓኹ እኔ ዘንድ መጥቶ የሴቶቹን ልጆች ነገር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ቤቱ ገባ፤ የድሃዋን ልጅ ክር ቆረጠ። ግብሩ ግን መከፈል ነበረበት። በወረዳው የቀረችው እኩያ ልጅ አንድ ብቻ ናት። እመቤት ጓንጂ፣ የፉጹን ግራ እጅ ያሳዩን።»

«አትንካት!»

«አልነካትም። እርስዎ ያሳዩን።»

ፉጹ ራሷ እጇን ዘረጋች። እጀ ጠባቧን ሰበሰበች። የተላጠው አንጓ ዙሪያውን ቀልቷል፤ በአመድ ያልወጣው የክሩ ቀለም በሽብሽባቱ ውስጥ ቀርቷል።

«አባቴ ነው ያሰረልኝ» አለች። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ጓንጂ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው የምታየው ኦትያን ብቻ ነበር።

«‹የጽሩን ልጅ ልኬ ለጽሩ ልጅ ማልቀስ አልችልም› አለኝ። ለእኔ ልጅ ግን ማልቀስ ይችል ነበር! ክሩን ከማሰሩ በፊት ማሩን በወይን ደባልቄ ሰጠሁት። ጠጣው፤ ክሩን አስሮላት ወደቀ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰማሁ፤ ምንም የለም። ዓይኑን ከደንኩ። ገላውን አጠብኩት። ሞቶ ነበር እኮ!»

«ያ ማር አንዳንዴ ልብን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ያስመለሰው ነቅቶ፣ ቆዳው ውስጥ ነው» አለ ኦትያ። ቆዳውን ወደ እሷ ገልብጦ ገፋው።

ጓንጂ ጎንበስ ብላ በጥፍር የተቦጫጨረውን በጣቷ ተከተለችው። አንደኛው ጭረት ጫፍ ላይ የተሰበረ ጥፍር ተሰክቶ ነበር። ጣቷ እዚያ ቆመ።

«እናንተ ጥጃ ነው አላችሁ። እኔ ቃሉን ለየሁት» አለች። «‹ጓንጂ፣ ክፈቺልኝ› ነው የሚለው። የሞተው ወደ ምድጃው ሊመለስ መስሎኝ በሩን ቀረቀርኩት። ልጄ እንዳትሰማ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን ይዤ ዘፈንኩላት።»

በዚያ ቀን ጆሮውን የደፈነው፣ ከበሮ የመታው፣ ራሱን በብርድ ልብስ የሸፈነው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ኡቱ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ እሷ ተወረወረ። ኦትያ መሐል ገባ፤ የመጥረቢያው እጀታ ትከሻው ላይ አርፎ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሜኪና ሌሎች ሰዎች ኡቱን ከበው ያዙት።

በዚህ መሐል ከወንዙ መታጠፊያ የቀንድ ድምፅ ተሰማ። የግብር ታንኳዎቹ ደርሰዋል።

«ልቀቁኝ!» አለ ኡቱ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «በሉ ዛቡን አምጡ። ክሯን መልሳችሁ እሰሩላት። ወንድሜ ሞቷል፤ አሁን የምመርጠው እኔ ነኝ። የወንድሜን ልጅማ አልሰጥም።»

ጽሩ ልጇን በደረቷ ሸፍና ወደቀች። ጓንጂ ወደ ኡቱ አየች፤ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ተስፋ የሚመስል ነገር ታየ።

ሁሉም ዳኛውን ጠበቁ። ኦትያ የተሰበረ ትከሻውን ይዞ ቆሟል። ዝም ቢል አንዲት ልጅ ትሄዳለች። ቢናገር ሌላዋ ትሄዳለች። ንጉሡ ያለ ልጅ የተመለሰ ታንኳ እንደማይቀበል፣ መንደሩንም እንደሚያቃጥል ያውቃል።

«አባባ ሜኪ» አለ። «የተሰቀለ ባለበትር ቃል ይወርዳል?»

ሽማግሌው ጓንጂን አየ፤ ቆዳውን አየ። «አይወርድም ልጄ።»

«በሥርዓቱ ነው የተሰቀለው?»

«በቆዳ ነው። በዛፍ ነው። መሬት አልነካውም። ተሰቅሏል።»

ጓንጂ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«ወንዙ ውስጥ ብጥለው ኖሮ...»

«ቃሉ ከውኃው ጋር በሄደ ነበር» አለ ሜኪ ፊቱን አዙሮ።

ኡቱ ምራቁን መሬት ላይ ተፋና መጥረቢያውን ጣለ። የአባቶችን ሥርዓት ማፍረስ አልደፈረም። ይልቁንም ገንዳውን በጣቱ አሳየ። «እንግዲያው ሥርዓቱ ሁሉ ይፈጸም።»

ጓንጂ ማንም ሳይጎትታት ተነሳች። ከኦትያ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው። «ንገራት። እኔን እንዳታይ አድርገህ ንገራት።»

ኦትያ ወደ ሜኪ ጆሮ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ከመስፋትዎ በፊት...»

«ገብቶኛል» አለ ሜኪ፤ ቢላዋውን በእጀ ጠባቡ ሸሸገ።

ኦትያ ፉጹን ወደ ወንዙ ዳር ወስዶ ፊቷን ወደ ታንኳዎቹ አድርጎ አስቀመጣት። ክሩን ማሰር የዳኛው ተራ ነበር። በአንድ እጁና በጥርሱ አሰረው፤ የተላጠውን ቆዳ እንዳይነካ ላላ አድርጎ። ትከሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኑ ይጨልማል።

«እዚያ ስትደርሺ አታልቅሺ» አላት። «የሚያለቅሱትን ለብቻ ይወስዷቸዋል። መፍተል ትችያለሽ ወይ ሲሉሽ፣ ባትችዪም እችላለሁ በይ። ከፈታዮቹ ጋር ያስቀምጡሻል፤ የእነሱ ቤት ይሻላል። ስምሽን ይቀይሩታል። ትክክለኛውን ማታ ማታ ለራስሽ ጥሪው። እኔ እንደዚያ ነው ያቆየሁት።»

«ያቺ ልጅ... ከእርስዎ ጋር የሄደችው፣ ትፈትል ነበር?»

«አልነገርኳትም ነበር» አለ ኦትያ። «እኔም አላውቅም ነበር።» የክሩን ጫፍ በጥርሱ በጥሶ፣ «አሁን ውኃ እንዴት እንደምትጠይቂ ልንገርሽ። አፒ ይባላል።»

«አፒ» አለች ፉጹ።

ከባሉጡ ሥር የጓንጂ ድምፅ አልተሰማም፤ የተልባ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሜኪ መርፌ እርጥቡን ቆዳ ሲበሳ መሰማት ጀመረ፤ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ልጅቷ ወደ ኋላዋ ልትዞር ስትል ኦትያ በደህናው እጁ አገጯን ይዞ ወደ ወንዙ መለሳት።

«እንደገና በይው» አላት። «ጮክ ብለሽ።»